«ይሄ አይመለስም» ያሉኝ ካሴት ጠጋኝ

«አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» የሚል ወረቀት አዲስ አበባ ውስጥ በየፎቶ ቤቱና በየሞባይል ጥገናው በር ላይ ተለጥፏል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ቤቶቹን በብር ማወዳደር ብዙም አይጠቅምም። እኔ የምመዝናቸው በሌላ ነው፤ ባለሙያው «አይቻልም» የሚለው ካሴቱን ሳያየው ነው ወይስ ከፍቶ፣ ሰምቶና ፈትሾ? በዚህ ሚዛን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። ባለቤቱ «ወረፋው አሁንም በዝቶብኛል፣ ስሜን አታውጪው» ስላሉኝ ስማቸውን አልጠራም። ሰፈሩ ውስጥ ገብቶ «ካሴት የሚጠግኑት አዛውንት» ብሎ የጠየቀ ግን አያጣቸውም።

ሥራዬ የመድረክ ድምፅ ማቀናበር ነው። አሁን የምንሠራው ተውኔት የተነሣው ከቤተሰቤ የካሴት ደብዳቤዎች ነው። አክስቴ በደርግ ዘመን ሮም ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ትኖር ነበር። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀት ቢመጣ ለጎረቤት ልጅ ማስነበብ ሊኖርባት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰው የሆዱን ወረቀት ላይ ማስፈር ይፈራል። ስለዚህ አክስቴ ካሴት ላይ ተናግራ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ትልካለች፣ አያቴም አጎቴን ቴፑን አስከፍታ መልሱን ትናገራለች። ዐረብ አገር፣ ሱዳን ወይም አሜሪካ ዘመድ የነበረው ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል። ነገሩ ከካሴት በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀዳ ድምፃቸውን ሲልኩ፣ ከተሰማ በኋላ ቀረጻው እንዲጠፋ አዝዘው ነበር። ምኒልክና ጣይቱ በ1899 የሰጡት መልስ ግን ተርፎ ዛሬም ይሰማል። ከአንድ የድምፅ ልውውጥ አንዱ ወገን ብቻ መትረፉ የእኛንም ቤት ነገር ስለሚመስል ተውኔቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

እዚህ ቤት ከመምጣቴ በፊት ሌላ ቦታም ሞክሬ ነበር። አንደኛው ባለሙያ ካሴቶቹን ፌስታል ውስጥ እንዳሉ አየት አደረገና «እነዚህ ሞተዋል፣ ጣያቸው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ኧረ የማይቻል ነገር የለም» ብሎ ቀብድ ተቀበለ። እሱ የሰጠኝ ፋይል ላይ አክስቴ ውኃ ውስጥ ሆና የምታወራ ትመስላለች። ድምፁን አጠራለሁ ብሎ የኮምፒውተሩን ማጣሪያ እስከ ጥግ ስለለቀቀበት ከሹሹታው ጋር ትንፋሿንም በልቶታል፤ «ሰ» እና «ሸ» አይለዩም። የሁለቱ መልስ የተቃረነ ቢመስልም ያው ነው፤ ሁለቱም ካሴቱን አላዩትም።

እዚህ ግን መጀመሪያ የሚደረገው ማየት ነው። ጋሼ (በዚሁ ልጥራቸው) ካሴቱን ወደ መብራት አቅርበው በመስኮቱ ያዩታል። ነጭ ብናኝ ከታየ ሻጋታ ነውና ማጫወቻው ውስጥ አይገባም፤ የሻገተ ካሴት አንድ ጊዜ ከዞረ ሄዱን (ክሩን ነክቶ ድምፁን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) ያቆሽሻል፣ ሻጋታውንም ለሚቀጥለው ካሴት ያስተላልፋል። ቀጥለው ክሩን ወደ ሄዱ የምትጫነው ትንሿ ስፖንጅ በቦታዋ መኖሯን ያያሉ። የዚያ ዘመን ካሴቶች ላይ ሙጫዋ ደርቆ ወድቃ ትገኛለች፤ ያኔ ድምፁ ይርቃል፣ ሰውም ካሴቱ ደከመ ብሎ ይጥለዋል። ከማይፈለግ ካሴት ላይ ነቅሎ መተካት ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ወረንጦ፣ ትንንሽ ካቻቢቴዎች፣ አልኮልና ጥጥ አለ፤ ከጎኑ በብሎን የሚዘጉ ባዶ የካሴት ቀፎዎች በካርቶን ተቀምጠዋል። የመጣው ካሴት ቀፎው በሙጫ የታሸገ ከሆነ ጎኑን በምላጭ ይከፍቱና ክሩን ወደ ባለ ብሎኑ ያዛውሩታል። የተበጠሰ ክር የሚቀጥሉት እንደ ብዙዎቹ በቢሮ ፕላስተር አይደለም፤ የዚያ ሙጫ ከጊዜ በኋላ እየወጣ ክሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ለዚሁ የተሠራ ቀጭን ፕላስተር አላቸው። ክሩ ወርዱ አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሁለቱን ጫፎች ሲያጋጥሙ እኔ ከዳር ቆሜ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የሚያዳምጡት። ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ ያዞራሉ፤ ካሴቱን የቀዳው ቴፕ ሄዱ ትንሽ ያዘመመ ከነበረ፣ የሚያጫውተውም በዚያው ልክ ማዘመም አለበት። ብሎኗ ሩብ ዙር እንኳ ሳትሞላ ታፍኖ የነበረው ድምፅ ተከፈተ። ሌላው ቤት በማጣሪያ የገደለው የአክስቴ ካሴት እዚህ ያለ ምንም ማጣሪያ በዚያች ብሎን ብቻ ጠራ። ይህን በጆሮዬ ስሰማ ነው ዕቃዬን በሙሉ እዚያው ለመተው የወሰንኩት።

ምርመራው ሲያልቅ ጋሼ ደብተራቸው ላይ ሦስት መደብ ያሰምራሉ፤ «ይሆናል»፣ «ይሞከራል»፣ «አይመለስም»። እያንዳንዱ ካሴት ከአንዱ ሥር ይጻፋል። «ይሞከራል» ለተባለው የሚከፈለው ውጤቱ ታይቶ ነው። «አይመለስም» ለተባለው አንድ ብር አይቀበሉም።

ሦስተኛው መደብ ሥር የገባው፣ እኔ ከሁሉ ይልቅ የመጣሁለት ካሴት ነበር። አያቴ ለአክስቴ የተናገረችበት ነው። የሚወስደው መንገደኛ እስኪገኝ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ዚምባብዌ ለሴካፋ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተጋጠሙ። አጎቴ እጁ የገባለትን ካሴት ቴፑ ውስጥ ከትቶ የጨዋታውን መጨረሻና መለያ ምቱን ከሬዲዮ ቀዳበት። አሸነፍን፤ የስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅም የአያቴን ቦታ ያዘ። የዚያን ዕለት ስርጭት ያለበትን ካሴት ደግሞ የሚጥል ሰው የለም፣ ስለዚህ እስከ ዛሬ ቆየ። ያን ስርጭት ስሰማ እኔም እንደ አገሬ ሰው ሁሉ እንባዬ ይመጣል፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቀድሞ ማን እንደነበረ አውቃለሁ።

የአያቴን ድምፅ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ስጠይቃቸው ጋሼ በአንድ ቃል አላሰናበቱኝም። ክዳኑ የተነሣ ቴፕ አምጥተው አሳዩኝ። ክሩ መቅጃው ሄድ ጋ ከመድረሱ በፊት በማጥፊያው ሄድ ፊት ያልፋል። ድምፅ ማለት ክሩ ላይ የተቀቡት ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች በማግኔት የተሰለፉበት መልክ ነው፤ ማጥፊያው ያን ሰልፍ ይበትነዋል። ስለዚህ የድሮው ድምፅ ከአዲሱ ሥር ተኝቶ የሚጠብቅ የለም፤ ፈርሷል። ከዚያ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የኒክሰንን ነገር አነሡልኝ። ዋይት ሐውስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1972 ከተቀዳ ንግግር ላይ 18 ደቂቃ ተኩል ተደምስሷል። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎችን በሙከራ ክሮች ላይ ሲያስሞክር ቆይቶ በ2003 ሊመለስ እንዳልቻለ አስታወቀ፤ ዋናው ክር ግን ምናልባት አንድ ቀን የተሻለ ዘዴ ቢገኝ ተብሎ ተጠብቆ ተቀምጧል። «እነሱ ያልቻሉትን እኔ እችላለሁ ብልሽ እየሰረቅኩሽ ነው» አሉኝ።

አንድ ቀዳዳ ብቻ እንደቀረም ነገሩኝ። ሁለቱ ቀረጻዎች በተለያየ ቴፕ የተሠሩ ከሆነ ማጥፊያው ያልነካው ቀጭን ጠርዝ ሊተርፍ ይችላል። እዚያው ሆኜ ለአጎቴ ደወልኩለት፤ ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ቴፕ ነው። እንዲህም ሆኖ ሄዱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጠርዙን ፈተሹ። ምንም የለም። ያኔ ነው በእስክሪብቶ «አይመለስም» ብለው የጻፉት። መርዶ ነው፣ ግን አምኜ ተቀበልኩት፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ «ምናልባት ሌላ ቦታ ብወስደው» እያልኩ መገላበጥ ቀረልኝ።

ካሴቱ ግን ባለ 60 ነበር፤ አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ይይዛል። የአጎቴ ቀረጻ እስከ ጫፍ አልሄደም። «ታዲያ የቀረው ላይ ምን አለ?» አሉ ጋሼ። አጎቴ ዋንጫው ከተነሣ በኋላ ያለውን ሰምቶት አያውቅም፤ እዚያ ሲደርስ ቴፑን ይዘጋል። እኔ ደግሞ ካሴቱ እጄ ሲገባ ክሩ ከመጠምጠሚያው ተነቅሎ ስለነበር አልሞከርኩትም። ጋሼ የተነቀለውን ጫፍ በወረንጦ ይዘው አዲስ ቀፎ ውስጥ አሰሩትና አጫወቱት። ጭፈራውና ጩኸቱ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ፤ ቀጥሎ አንድ ቀጭን፣ የሕፃን የሚመስል ድምፅ እየሮጠ መጣ። ከጀርባው የሆነ ነገር ያንቃጭላል።

«ሲቀዳ ድንጋዩ ደክሞ ነበር» አሉ። የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይጎተትና ክሩ በዝግታ ያልፋል፤ ዛሬ በሙሉ ጉልበት ሲጫወት ድምፁ ይሮጣል፣ ይቀጥናልም። በመብራት የተቀዳ ቢሆን ቀላል ነበር። የእኛ አገር መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ እምም የሚለው ድምፁ አብሮ ይቀዳል፣ ፍጥነቱን እሱን ይዞ ማስተካከል ይቻላል። በድንጋይ ሲቀዳ ይህ የለም። እኔ «በጆሮዬ ልለየው፣ ድምፅዋን አውቀዋለሁ» አልኩ። ጋሼ አልተስማሙም፤ ጆሮ የናፈቀውን ይሰማል አሉኝ። ይልቅስ ያ የሚያንቃጭለው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

የብረት ሙቀጫችን ነው። ከጀርባዋ ቡና እየተወቀጠ ነበር፤ የምትወቅጠዋ በየመሀሉ ዘነዘናውን ሙቀጫው አፍ ላይ መታ መታ እያደረገች የያዘውን ታራግፋለች።

«ሙቀጫው አሁንም አለ?»

«እናቴ ጋ አለ።»

«እንግዲያው ቡና ጨምረሽበት፣ መሬት ላይ አስቀምጠሽ፣ በዚያው ዘነዘና አፉን መትተሽ በስልክሽ ቅጂልኝ። ባዶውን እንዳይሆን።»

እናቴ ቤት ሄጄ እንዳሉት አደረግሁ። ጋሼ የእኔን ቅጂና የካሴቱን ቃጭል ኮምፒውተራቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያዩ ጀመር። ብረት ድምፁን አይቀይርም፤ ዛሬ የሚሰጠው ቃና ያን ጊዜ የሰጠው ነው። የካሴቱ ቃጭል ወደ እኔ ቅጂ ቃና እስኪወርድ ድረስ ፍጥነቱን በትንሹ በትንሹ ቀነሱት። ሁለቱ ቃናዎች ሲገጥሙ ሕፃኗ ጠፍታ አያቴ መጣች። «በይ እንግዲህ፣ ይሄ ልጅ ክሩ አለቀ ይለኛል። አንቺ ብቻ ጤና ሁኚ። ሹራቡን አደራሽን እንዳታወልቂ፣ የሰው አገር ብርድ አይለመድም።» ከአንድ ሙሉ ደብዳቤ የተረፈው ይህ ነው። እኔ በጆሮዬ ልይዘው የፈለግሁት ፍጥነት ከዚህ ፈጠን ያለ ነበር፤ ከእውነተኛዋ ይልቅ ቀጭን ድምፅ ያላት አያት ይዤ ልወጣ ነበር ማለት ነው።

ይህ ስሕተት ትልልቆቹንም አግኝቷቸዋል። ኤድዋር ሊዮን ስኮት ደ ማርታንቪል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1860 ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የድምፅን ንዝረት በመስመር አስፍሯል። ዓላማው ድምፅ ምን እንደሚመስል በዓይን ማየት ነበር፤ መልሶ ማሰማት በሐሳቡም አልነበረም። በ2008 ተመራማሪዎች መስመሩን በኮምፒውተር አንብበው አሰሙት። መጀመሪያ የወጣው የሴት ወይም የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር፤ በዓመቱ ፍጥነቱ በእጥፍ መሆኑ ታውቆ ሲስተካከል የወንድ ሆነ፣ ምናልባትም የስኮት የራሱ። ጋሼ ይህን ሲያጫውቱኝ የነበራቸውን ደስታ ለመስማት ብቻ እንኳ እዚያ ፎቅ መውጣት ያዋጣል።

«ይሞከራል» የተባለው ሌላ የአክስቴ ካሴት ነበር። ስትናገር ክፍሉ ውስጥ የጣልያን ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ይህ ከተደመሰሰው ይለያል፤ ድምፅዋ ክሩ ላይ አለ፣ ችግሩ ከሌላ ድምፅ ጋር መቀላቀሉ ነው። ለብዙ ዘመን እንዲህ ያለውን መለየት አይታሰብም ነበር። የእንግሊዙ የቢትልስ ባንድ አባል የነበረው ጆን ሌነን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ ኒውዮርክ ቤቱ ፒያኖ እየተጫወተ ካሴት ላይ የቀዳውን ዘፈን፣ በሕይወት የነበሩት ሦስቱ ቢትልሶች በ1995 ሊጨርሱት ሞክረው ትተውታል፤ ፒያኖው ድምፁን ይውጠዋል፣ ካሴቱም ያጓራል። ድምፅን ከመሣሪያ የሚለይ የኮምፒውተር ዘዴ ሲመጣ የሌነን ድምፅ ብቻውን ወጣና ዘፈኑ በ2023 ለአድማጭ ቀረበ። በ1995 «አይቻልም» ያለው ሰው አልዋሸም። ለዚህ ነው የጋሼ መካከለኛ መደብ የሚያስፈልገው። እዚያ የሚገባው ካሴት ዛሬ እንኳ እንቢ ቢል ነገ ተመልሶ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ አይጣልም።

ቴሌቪዥኑን በፕሮግራም ለዩልኝ፣ ግን ጥሬውንና የተጣራውን ለየብቻ ነው የሰጡኝ። የተጣራውን ብቻ እንዳልጠቀም አጥብቀው ነገሩኝ። ልክ ነበሩ። በተጣራው ላይ አክስቴ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ትላለች። ጥሬው ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ ስሰማ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ከሚስቁበት ጋር ተደርቦ «ብዬ ነበር» የሚል አለ። ፕሮግራሙ ሳቁን ሲያወጣ ሁለቱን ቃላት አብሮ አወጣቸው። ለተውኔታችን ከእነዚህ ሁለት ቃላት የሚበልጥ ነገር አልነበረም።

የተውኔቱ አዘጋጅ የአያቴን ቅንጭብ ሲሰማ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ዛሬ የአንድን ሰው ድምፅ ለአጭር ጊዜ ሰምቶ፣ ያንኑ ድምፅ መስሎ የሰጡትን ጽሑፍ የሚናገር ፕሮግራም አለ። የጠፋውን ደብዳቤ እንጻፈውና በአያቴ ድምፅ እናሰማው አለ። ክፉ አላሰበም፤ መድረክ ላይ ባዶ ቦታ ያስፈራል። ጋሼን ስጠይቃቸው «ይሠራል፣ ከባድም አይደለም። አያትሽ ግን አልተናገረችውም» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። እኔም ለአዘጋጁ እምቢ አልኩ። አሁን በተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል አክስቴን የምትጫወተው ተዋናይት ሮም ኩሽና ውስጥ መልስ ስትጠብቅ የሚሰማው የኳሱ ስርጭት ነው፤ ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ። የአያቴ ጥቂት ቃላት ከጩኸቱ በኋላ ይመጣሉ። ደብዳቤው ሙሉ ሆኖ ቢገኝ ይህን ትዕይንት አልሠራውም ነበር። ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ጉድለቶቹን ልናገር። ስልክ አያነሡም፤ በአካል መሄድ ግድ ነው። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ስለሆነ ለአረጋውያን ይከብዳል። ጄኔሬተር የላቸውም፣ መብራት ከጠፋ ግልበጣው ከመጀመሪያ ይጀመራል። ሥራው ሳምንታት ይወስዳል፣ ለሰርግና ለተዝካር ቀን ቆርጣችሁ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ፋይሎቹን በቁጥር ብቻ ሰይመው ስለሚሰጡ የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ሁሉንም እንደገና መስማት ነበረብኝ፤ ይህ ቢስተካከል ጥሩ ነው። ለደኅና ካሴት 600 ብር ይቀበላሉ፣ ቅጥልና ቀፎ ቅየራ ለብቻ ይታሰባል። የቪዲዮ ካሴት አይሠሩም።

ካሴት የምትወስዱ ሰዎች፣ ቤት ውስጥ «ይሠራ እንደሆን ልየው» ብላችሁ አታጫውቱት፤ በተለይ ነጭ ነገር የሚታይበትን ለብቻው በወረቀት ጠቅልሉት። ክሩ የተዝረከረከ ከሆነ በእርሳስ ለመጠምጠም አትሞክሩ፣ እንዳለ በካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ካሴቱን የቀዳው ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ አብሯችሁ ቢሄድ፣ ካልሆነም ስልኩ ክፍት ቢሆን ይጠቅማል። በየትኛው ቴፕ፣ በመብራት ነው በድንጋይ፣ አጠገቡስ ምን ይሰማ ነበር ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።